በወረርሽኝ ዘመን ከትምህርት ቤት ስለ ቀሩ ልጆች
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአዲስ አበባ መግባቱ ታወቀ። ወዲያውም ከመጋቢት 7 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎችም ከቤታቸው ዋሉ። ዳግመኛ የተከፈቱት ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ በየተራ ስለ ሆነ፣ መዘጋቱ ሰባት ወር ያህል ቈየ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ በአገሩ የነበረው ትምህርት ቤት እጅግ ጥቂት ነበርና የቀረ ልጅ የሚቈጠርበት መዝገብ አልነበረም። በዚህኛው ወረርሽኝ ግን መዝገቡ በየመንደሩ ነበረ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ በሽታውን ፈርቶ ልጁን ያስቀረ ወላጅ ይወቀሳልን? በእንግሊዝ አገር ልጁን ያለ ምክንያት የሚያስቀር ወላጅ በገንዘብ ይቀጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲጸና ይህ ቅጣት ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን ግዴታው ተመለሰ። በኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ይህን የመሰለ ቅጣት አልነበረም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ያመጣው የነበረው የወላጁ ፈቃድና የመምህሩ ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የላላው ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው። የላላ ሕግ በአዋጅ ይጠብቃል፤ የላላ ልማድ ግን ቤት ለቤት ካልተዞረ አይመለስም።

የአዳማ ወላጅ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ከጅቡቲ ዕቃ ጭነው በአዳማ አልፈው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች አልቆሙም፤ በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎችም መካከል የእነዚህ መኪናዎች ሾፌሮች ነበሩበት። ከመንገዱ ዳር ቤቱ ያለ፣ አሮጊት እናቱንም በአንድ ጣራ ሥር የሚጦር ሰው፣ ልጄን ጥቂት ሳምንት ላቈየው ቢል ያለ ወቀሳ ሊፈቀድለት ይገባ ነበር።

ነገር ግን ከሞጆ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውንም ማስተዋል ያስፈልጋል። ሰባት ወር ከትምህርት የራቀ የገበሬ ልጅ ሥራ ፈት ሆኖ አይቀመጥም። ወንዱ ከብት ይጠብቃል፣ የቲማቲምና የሽንኩርት እርሻ ላይ ይውላል፣ ወይም ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ይሸጣል፤ ሴቲቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ከጓዳ ትውላለች፣ ጥቂት ቈይቶም የጋብቻዋ ወሬ ይነሣል። ሬዲዮ ባለበት ቤት ትምህርቱ በሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ሬዲዮ በሌለበት ቤት ግን ያም አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ሆኖም አባቱን በማሳ የሚረዳውን ልጅ ማን ተቀጣሪ ይለዋል?

መከፈቱም የአጨዳ ወራት ሲቃረብ ሆነ። በሽታውን የፈራው አባትና የልጁን ጉልበት የፈለገው አባት ለመምህሩ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር። በዚህ ላይ ተማሪው በክፍል እንዳይጨናነቅ በተራ ይመጣ ስለ ነበር፣ ዛሬ ያልታየው ልጅ ተራው ያልደረሰ ይሁን ፈጽሞ የቀረ ይሁን ከመዝገቡ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ብዙው ልጅ የጠፋው በዚህ በኩል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንደዚህ ያለ ዘመን ቢመለስ፣ ለወላጅ የሚሰጠው ፈቃድ መጨረሻው ቀን የታወቀ ይሁን። መምህሩ በመዝገቡ ላይ ተራው ያልደረሰውን፣ በወላጁ ፈቃድ የቈየውንና ምክንያቱ ያልታወቀውን በሦስት ልዩ ልዩ ምልክት ይጻፍ። ምክንያቱ ያልታወቀው ልጅ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ መምህሩ ብቻውን ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ንግግሩም ቤተሰቡ በሚነጋገርበት ቋንቋ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ በኦሮምኛ ይሁን። ማሳው ሰው የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ፣ ልጁ ከመማር እንዳይቀር ጎረቤቱ በደቦ እንዲያግዝ ሽማግሌው በዕድሩ ያሳስብ። የሴቶቹ ልጆች ስም በመጀመሪያ ይነበብ፤ እነርሱ ዘግይተው ሲፈለጉ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቤት ገብተው ይገኛሉና።