የአብራሪው ምርጫ፦ ክልላዊ አየር መንገድ ወይስ የኩባንያ አውሮፕላን?



በአሜሪካ በአንድ ክልላዊ አየር መንገድ የሚያበር የቀድሞ ተማሪዬ፣ «መምህር፣ ወደ ኩባንያ አውሮፕላን ልዛወር ወይስ ልቆይ?» ሲል ጠየቀኝ። ደመወዙን ብቻ አትመልከት አልሁት።

በአየር መንገድ የአብራሪው ሀብት የቅጥር ተራው ነው፤ መስመሩንም፣ የዕረፍት ቀኑንም፣ ወደ ካፒቴንነት የሚያድግበትንም ጊዜ ይወስናል። ለቅቆ የተመለሰ ከግርጌ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም የመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪዎችን ዕረፍት ጥብቅ ደንብ ይጠብቃል፤ አንድ ኩባንያ ለራሱ ጉዳይ በሚያበረው አውሮፕላን ግን ገደቡን በአብዛኛው የሚያበጀው አሠሪው ነው። በአንጻሩ አየር መንገድ በ65 ዓመት ከመሪው ያስነሣል፤ ይህ ገደብ እንዲህ ያለውን የኩባንያ አብራሪ አይነካውም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጨመርሁለት፦ «አለቃህ ከኋላህ ተቀምጦ ሳለ ‹ደክሞኛልና አልበርም› ብትል ማን ይቆምልሃል?» እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልወሰንሁለትም።