አረፋ ሁሉ ሳሙና አይደለም



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በቤታችን፣ በገዛ እጃችን ስለምናዘጋጀው የገላ መታጠቢያ ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም የልጆቻችንን ዓይንና ቆዳ የሚመለከት ስለ ሆነ፣ ከቢሮ ደክማችሁ በተመለሳችሁበት በዚህ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ እንድትለግሱኝ እለምናለሁ።

ከመካከላችሁ የምሥራቅ ጎጃም ተወላጅ የሆነ፣ ወይም በሥራ ተመድቦ ቢቸናና ሞጣ የቆየ ሰው፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውኃ በማለዳ እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚቀዘቅዝ አይዘነጋውም። በዚያ አገር ለበዓል የሚለበሰው ነጠላና ጋቢ ከጥንት ጀምሮ ሲነጣ የኖረው በእንዶድ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያም ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያወጣውና እድፉን የሚያስለቅቀው በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

እኔም ሕፃን ሳለሁ፣ አያቴ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ አረፋው አምሮኝ በሁለት እጄ አፍሼ ፊቴን ታጠብሁበት። ዓይኔ እሳት የገባበት ያህል ነደደ። አያቴም ልብሱን ጥላ ሮጣ መጥታ፣ ንጹሕ ውኃ ደጋግማ እያፈሰሰች ዓይኔን ካጠበችልኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ የልብስ ነው እንጂ የሰው አይደለም» አለችኝ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የተናገረችው ቃል የሊቅ ቃል መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ይህ ግኝታቸው በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሲሆን፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ከፍተኛ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እንግዲህ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር፣ ለሕፃን ዓይንና ለስስ ቆዳ ይስማማል ብሎ ማሰብ አይገባም። ከዚህም የባሰው፣ መድኃኒት ነው እያሉ የሚጠጡት መኖራቸው ነው፤ ይህ ሕይወት የሚያጠፋ አድራጎት ስለ ሆነ ፈጽሞ ሊወገድ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው ቤት እንመለስ። በቅርብ ዘመን በየሱቁ ውኃ ውስጥ ሲጣል እየፈላ የሚሟሟ፣ መዓዛው የሚያውድ ድቡልቡል መታጠቢያ ይሸጣል። ፈረንጆቹ «የመታጠቢያ ቦምብ» ይሉታል። ሞ ኮንስታንቲን የተባሉ እንግሊዛዊት በ1989 የሠሩት ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኙት ለሆድ ሕመም ከሚወሰደውና ውኃ ውስጥ ከሚፈላው አልካ ሴልትዘር ከሚባለው ክኒን ነው። ዋጋውን አይታችሁ የተገረማችሁ ወላጆች በቤታችሁ ልታዘጋጁት ትችላላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት እጅ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ እጅ ለሎሚ ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው ሲትሪክ አሲድ፣ አንድ እጅ የበቆሎ ስታርች በደረቅ ሳሕን ይደባለቃል። አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ይጨመርበትና፣ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ እስኪሆን ይታሻል። ውኃው ከበዛ እዚያው ሳሕን ላይ መፍላት ይጀምራልና ጥንቃቄ ያሻል። ከዚያም በሲኒ ተጠቅጥቆ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቅና፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ይቀመጣል። የገንዳ መታጠቢያ የሌለው ቤት፣ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አድርጎ እግሩን ቢዘፈዝፍበት ድካሙን ያሳልፍበታል።

የሚፈላበት ምክንያት ምንድን ነው? ሶዳውና አሲዱ በውኃ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይወጣል። ይህም በአምቦ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ሲንተከተክ የምናየው ያው አየር ነው። ስለዚህ ልብ በሉ፤ ይህ አረፋ ደስ ያሰኛል እንጂ እድፍ አያስለቅቅም። ለአዋቂዎች ጥቂት ሽቶ ቢጨመርበት አይከፋም፤ ለልጆች ግን ሽቶም ቀለምም አያስፈልግም። ሕፃኑ ወደ ውኃው የሚገባው ፈልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት ልጅ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠብ።

እንግዲህ ሁለት አረፋዎችን አየን፤ አንዱ ያጸዳል፣ ግን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ያስደስታል፣ ግን አያጸዳም። ለልጅ ገላ የሚስማማው ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ነው። ፊቱ በየዕለቱ መታጠብ አለበት፤ የሚደርቅበትም ጨርቅ የራሱ ይሁን። ትራኮማ በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይዛመታል፤ ሲደጋገምም የዐይን ቆብን ወደ ውስጥ አጥፎ ፀጉር በቀል ያደርግና ብርሃን ያሳጣል።

ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባምና ይህንንም ልንገራችሁ። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በዋግ ኽምራ የውኃ ነጥብ ተሠርቶ፣ የንጽሕና ትምህርት ለ3 ዓመት ሲሰጥ ከቆየ በኋላ እንኳ፣ የትራኮማው ተዋሕስያን በልጆች ዘንድ እንዳልቀነሰ አስረድቷል። በአንጻሩ በቢቸናና በሞጣ መካከል በሚገኘው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ በተካሄደው ጥናት፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው ሲታደል በሽታው እጅግ ቀንሷል፤ የሕፃናት ሞትም መድኃኒቱን ከወሰዱት ቀበሌዎች ዘንድ አንሶ ተገኝቷል። ይህ ማለት መታጠብ ይቅር ማለት አይደለም፤ መታጠብ ብቻውን አይበቃም፣ መድኃኒቱም ይወሰድ ማለት ነው እንጂ። የዕደላው ቀን ሲደርስ «ልጄ ንጹሕ ነው» ብሎ መቅረት ከቸልተኝነት ይቆጠራል።

ውድ አድማጮቼ፣ አብዛኞቻችን በገጠር ዘመድ አለን። ለፋሲካና ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስንሄድ ስኳርና ቡና መያዛችን መልካም ልማድ ነው፤ በጥቅሉ ላይ ጥቂት ሳሙናና ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ፎጣ ብንጨምርበት፣ ከስኳሩ ይልቅ የሚታወስ ስጦታ ይሆናል። ለእንዶዱም ቢሆን ክብሩን እንስጠው፤ ነጠላችንን ያነጣልን እርሱ ነውና። ብቻ የልብሱን ለልብስ፣ የሰውን ለሰው እንተው፤ ያቺ አያቴ እንዳለችው።