እባቡ የዋጠውን ሲመልስ

የዛሬው ወጌ በተለይ አሜሪካ ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ ውሻና ድመት ትተው እባብ ለመረጡባችሁ ወላጆች ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማ ያደገ አባት፣ ልጁ የዘንዶ ግልገል ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አያስፈልግም። ብዙ ቤት ግን ክርክሩ አልቋል። ልጁ አሸንፏል፤ የመስታወቱ ሳጥንም መኝታ ቤት ጥግ ገብቷል። እንስሳው ቤታችን ከገባ ደግሞ ሕመሙም የእኛው ጉዳይ ነው።

ስለ አንድ ሕመሙ ላውራችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ሳጥኑን ሲያይ፣ እባቡ ከትናንት ወዲያ የዋጠው አይጥ ወጥቶ ተጋድሟል። ጸጉሩ ረጥቦ ተጣብቋል፤ ቅርጹ ገና አልጠፋም፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። እባቡ ጥጉን ይዞ ተጠቅልሏል። ልጁ ይደነግጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ውይ፣ ሆዱ ባዶ ሆነ! ሌላ ይሰጠው እንጂ!»

አትስጡት። ከዛሬው ወግ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙልኝ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ።

ይህ ለእኛ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማብላት ነው። የታመመ ሰው ቤት የምንገባው አጥሚት ይዘን ነው፤ አልበላም ያለውን «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያልን እናጎርሳለን። ይህ ደግነት ለሰው ልጅ ተስማምቶት ኖሯል። እባብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ሆዱም በሌላ ሕግ የሚሠራ ሆድ ነው። ሕጉን ካላወቅን በፍቅር ልንገድለው እንችላለን።

በአገራችን በጨርቅ ላይ በሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ አርዌ የሚባለው ዘንዶ ፍየል ሲቀርብለት አይታችሁ ይሆናል። በአእምሯችን የቀረው ዘንዶ ሁልጊዜ የሚበላ፣ ምንጊዜም የማይጠግብ ነው። እውነተኛው ዘንዶ ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚያዘው ቦል ፓይተን የሚባለው ዘንዶ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ይላካል። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባለው ከተማ ደግሞ በባዚሊካው ፊት ለፊት የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ አለ፤ በዚያ አገር ይህ እንስሳ የተከበረ ነው። እናም ይኸው ዘንዶ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሆዱ ለሁለት ሳምንት ባዶ ቢሆን አይሞትም። ይልቅስ የሚጎዳው ያልተዘጋጀ ሆዱ ላይ የሚጫንበት ምግብ ነው።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቴፈን ሴኮር እና ጃሬድ ዳይመንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የበርማን ዘንዶ ሆድ አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ዘንዶው ሳይበላ ሲቆይ የምግብ መፍጫ አካላቱን እንዳለ ያሳርፋቸዋል። አንጀቱ ይሟሽሻል፤ ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን ያቆማል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከተራ ውኃ ብዙም አይለይም። አንድ ትልቅ ምግብ ሲውጥ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የትንሹ አንጀት ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ጨጓራው አጥንት የሚያሟሟ አሲድ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ልቡ ራሱ በ48 ሰዓት ውስጥ 40 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አሳይቷል። አንድ አይጥ ለመፍጨት መላ ሰውነቱ ይዘምታል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ዝግጅት ተጠናቆ ምግቡ ተመልሶ ሲወጣ የሚደርሰውን ጉዳት አስቡት። አሲዱ አብሮ ወጥቶ ጉሮሮውን ለብልቦታል። ውኃና ጨው አጥቷል። ያመነጨው የመፍጫ ፈሳሽ ባክኗል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ በማግስቱ ሌላ አይጥ ከተሰጠው፣ እባቡ ይውጠዋል፤ አውሬ ነውና የቀረበለትን ይውጣል። ከዚያ እሱንም ይመልሰዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። በተለይ ገና ከእንቁላል የወጡ ትንንሽ እባቦች በዚህ ዓይነት መመላለስ ነው የሚያልቁት።

ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን መለሰው? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ቅዝቃዜውን አስቀድማለሁ። እባብ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀት የሚያገኘው ከተኛበት መሬትና ከአካባቢው ነው። ካልሞቀ ሆዱ አይሠራም። ሆዱ ካልሠራ የዋጠው አይጥ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ይነፋል፤ እባቡም ለሕይወቱ ሲል አውጥቶ ይጥለዋል። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር በክረምት፣ ቤተሰቡ ጠዋት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ የቤቱ ማሞቂያ ዝቅ ይደረጋል። ማታ ሰዉ ሲመለስ ቤቱ ይሞቃል፤ ቀኑን ሙሉ በብርድ የዋለውን እባብ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ለቦል ፓይተን የሳጥኑ ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ባለው መለኪያ ከ88 እስከ 92 ፋራናይት ገደማ ነው። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል፣ እባቡ እንደ ፍላጎቱ እንዲመላለስ። ብዙ ልጆች የሚይዙት ሌላው ዓይነት፣ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካው ኮርን ስኔክ፣ ትንሽ ዝቅ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ ከ85 እስከ 88 ፋራናይት። ይህ ቁጥር በግምት አይያዝም። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ርካሽ መለኪያ የሚነግራችሁ የመስታወቱን ሙቀት ነው። እባቡ ሆዱን የሚያሳርፍበትን ቦታ የሚለካ፣ ጫፉ እዚያው የሚቀመጥ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ማሞቂያው ደግሞ ያለ ቴርሞስታት አይሰካ፤ ልቅ የተለቀቀ ማሞቂያ የእባብን ሆድ ያቃጥላል። እባቡን ከነሳጥኑ ሸጦ ቴርሞስታቱን «ከፈለግህ ሌላ ጊዜ» የሚል ነጋዴ በእኔ አስተያየት ሥራውን አልሠራም። የቴርሞስታቱ ዋጋ ከብዶት የሚተወው ቤተሰብም እባቡን ባይገዛ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የልጆች እጅ ነው። ልጅ እባቡ ሲበላ አይቶ ይደሰታል፤ ተደስቶም ያነሣዋል፣ ለጓደኛው ያሳየዋል። ዱር ውስጥ ያለ እባብ ሆዱ ሞልቶ ጠላት ሲመጣበት የዋጠውን ተፍቶ ይሸሻል፤ ከብዶት መሮጥ አይችልምና። ሳጥን ውስጥ ያለውም ያንኑ ደመ ነፍስ ይዞ ነው የሚኖረው። ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አይነካ። ምግቡ ትልቅ ከነበረ ደግሞ ሆዱ ላይ ያበጠው እስኪጠፋ ይቆይ። መደበቂያም ይኑረው፤ የሚሸሸግበት ያጣ እባብ ቀኑን ሙሉ ሲሸበር ይውላል።

የምግቡም መጠን አለ። አይጡ ከእባቡ ወፍራም ወገብ እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከማቀዝቀዣ የወጣው አይጥ ደግሞ ላዩ ለስልሶ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከፍሪጅ አውጥቶ በአንድ ጊዜ ማቅረብ አይገባም። ቀስ ብሎ እስከ መሐሉ ይሟሟ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃ ይሞቅ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመልሳችሁ። ጓንት አድርጉና የወጣውን አንሡ፤ ነገር ግን ወዲያው አትጣሉት፣ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ፎቶ አንሡት። ከበላ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በኋላ ሳይፈጭ የወጣና፣ ከቀናት በኋላ ግማሽ ተፈጭቶ የወጣ፣ ለሐኪም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ሳጥኑን አጽዱ፣ ንጹሕ ውኃ አኑሩ፣ ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ ተዉት። ከ10 እስከ 14 ቀን ምግብም የለም፣ መነካካትም የለም፤ ውኃው ግን አይጓደልበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢርበው እንኳ ሆዱ ይድናል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምግብ የወትሮውን ግማሽ የሚያክል ይሁን። እሱን ከያዘው፣ ቀጣዮቹም ምግቦች ትንንሽና የተራራቁ ይሁኑ እንጂ ወደ ድሮው መጠን አትቸኩሉ።

ልጃችሁ በእነዚያ ቀናት ይጨነቃል። «ይራበዋል» እያለ ደጋግሞ ይለምናችኋል። ያን ጊዜ ተቀምጣችሁ አስረዱት፤ የእባቡን ሆድ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ልጅ መታገሥ አይከብደውም።

ሙቀቱ ትክክል ሆኖ፣ ማንም ሳይነካው፣ ትንሹንም ምግብ ደግሞ ከመለሰው ግን ነገሩ ከቤት ዕውቀት አልፏል። በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ፈልጉ፤ ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እባብ አያክምምና ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ያሸጋችሁትን የትፋት ናሙናና ኩሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ምክንያቱ የአንጀት ጥገኛ ትሎች ከሆኑ በመድኃኒት ይጠፋሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ ግን ክፉ ነው፤ የእባቡ ሆድ መሐሉ ላይ ያብጣል፣ የበላውን ይመልሳል፣ ይከሳል፤ አስተማማኝ መድኃኒትም የለውም። ቦዋ የሚባሉትን እባቦችና ዘንዶዎችን የሚያጠቃ ሌላ የቫይረስ በሽታም አለ፤ መነሻው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ቫይረሱ የተለየው። እነዚህ ከአንዱ እባብ ወደ ሌላው ስለሚተላለፉ፣ ሁለት እባብ ያላችሁ ሰዎች የታመመውን ለብቻው አኑሩ፤ የጤነኛውንም ሥራ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

የመጨረሻው ቃሌ ለሕፃናት እናቶችና አያቶችን ለምታስታምሙ ነው። እባብም፣ ለእሱ የሚቀርበው የበረዶ አይጥም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ ሊይዙ ይችላሉ፤ በረዶ አይገድለውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት የሚሳቡ እንስሳት እንዳይያዙ ይመክራል። የእባቡን ዕቃ ምግብ በምናዘጋጅበት የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አትጠቡ። የተመለሰውን አይጥ ያነሣ ሰው እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ይታጠብ፤ ያን ሥራም ለትንሹ ልጅ አትተዉለት፣ አዋቂ ይሥራው።