ስም በድንጋይ ላይ ሲቀረጽ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን «ስለ ሙያህ ጥቂት አጫውተን» ባሉኝ ጊዜ እሺ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራዬ በድንጋይ ላይ ስም መቅረጽ ነው። እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፣ ያስተዛዝናል። የሐውልቱ ነገር ግን ለቤተሰቡ ብቻ ይቀራል፤ ቤተሰቡም ሐዘን ላይ ስለሆነ ሳይጠይቅ ይከፍላል። እንግዲህ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ድንጋዩን እንወቅ። እብነ በረድ ለመሮ ይታዘዛል፤ ግን ዝናብ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ግራናይት ጠንካራ ነው፤ ብዙ ይቆያል። ለሙት ዓመት መቃብር ስታጸዱ እብነ በረድን በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በአሲድ አትንኩት፤ ፊቱን ያበላሸዋል። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

ሁለተኛው አቀራረጹ ነው። በመሮና በመዶሻ የሚቀረጽ ፊደል ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀለሙ ቢለቅም እንኳ ጥላው ያስነብበዋል። ሌላው፣ ፊደሉ በተቆረጠበት ላስቲክ ድንጋዩን ሸፍኖ አሸዋ በነፋስ ኃይል መርጨት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጊዜ ከተሰጠውም በቂ ጥልቀት ያወጣል። ሦስተኛው በሌዘር ነው። በጥቁር ግራናይት ላይ ፎቶግራፍ ሳይቀር ያሳምራል፤ የሚነካው ግን የላዩን ገጽ ብቻ ነው። በቀለም ብቻ የተጻፈውንማ ፀሐይና ዝናብ ይወስዱታል። በአክሱም ያለው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በ4ኛው መቶ ዓመት በግዕዝና በግሪክ ቋንቋ ተቀርጾ ዛሬም የሚነበበው ተቆርጦ ስለገባ ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ጭረቷ ካልጠለቀች ቀድማ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ የሰውየው ስም የሌላ ሰው ስም ይሆናል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ልጆች የአባታቸውን ስም በወረቀት ጽፈው አመጡልኝ። ስሙ በ«ለ» የሚያልቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቀለም ነጠብ ብሎ ኖሮ እኔ «ሉ» ብዬ ቀረጽኩት። ልጆቹ አላዩትም። ባለቤታቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናት ነበሩ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና «ልጄ፣ ይሄ የእሳቸው ስም አይደለም» አሉኝ። ድንጋይ ላይ መጨመር ይቻላል እንጂ መቀነስ አይቻልም። የሐውልቱን ፊት በሙሉ ፍቄ እንደገና ቀረጽኩ። ድካሙን ረስቼዋለሁ፤ የእናትየዋ ፊት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድንጋዩ ከመነካቱ በፊት ጽሑፉ በወረቀት ተዘጋጅቶ ከቤተሰቡ ሁለት ሰው፣ ከእድሩም አንድ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡት። «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ሟቹ ራሳቸው ይፈርሙበት ከነበረው ወረቀት ይታይ። ሁለተኛ፣ ከውጭ አገር የመጡ ልጆች የፈረንጁን ዘመን ያስጽፋሉ፤ የእኛው ግን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለበት የልጅ ልጅ ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ ፊደሉ ምን ያህል እንደሚጠልቅ በውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ ከ3 ሚሊሜትር በታች አልመክርም።

ለመሥራቾቻችን መታሰቢያ በአዳራሻችን እንዲሰቀል የታሰበው ሰሌዳም በዚሁ መንገድ ይሠራ። ከታች ባዶ ቦታ ይተውለት፤ እኛም ተራችን ይደርሳል አይደል?

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ላለነው ዕድሜና ጤና ይስጠን።