ፊደል ከየት መጣ? ለእኛስ ምን ይሠራል?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ማብቂያ ላይ «ንግግሩ ሁልጊዜ ስለ ጤናና ስለ ቁጠባ ብቻ ለምን ይሆናል? አንድ ቀን ስለ ፊደል ይነገረን» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኛም የትምህርት ንዑስ ኮሚቴ አባላት እሺ ብለን ሦስት ሳምንት ስናነብና ስንጠያየቅ ሰነበትን። ምሁራን አይደለንም። ከመካከላችን ሁለቱ ፊደል የለዩት ልጅ ወልደው ካሳደጉ በኋላ ነው።

ከሚያመን ነገር እንጀምር። አንዲት አባላችን እዚሁ ተቀምጣለች፤ ስሟን ሳንጠራ እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ጎረቤቷ ገንዘብ ሲበደር «ለምስክርነት ነው» ተብላ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ጎረቤትየው ከሰፈር ጠፋ። ከወራት በኋላ «ክፈይ» ተባለች። ከአሻራዋ በላይ የተጻፈው «ምስክር» ሳይሆን «ዋስ» ኖሯል። ሁለት ፊደል ናት። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰው ዕዳ ከፈለች። ይህን ሰምተን ነው የቅዳሜውን የንባብ ክፍል የከፈትነው፤ የዛሬውም ወሬ ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው።

ጽሕፈት መጀመሪያ የተፈጠረው ለመጽሐፍ ወይም ለንጉሥ ታሪክ ይመስለን ነበር። ለካ ለሒሳብ ነው! ከ5,000 ዓመት በፊት፣ ዛሬ ደቡብ ኢራቅ በሚባለው አገር፣ ሱመሮች በእርጥብ ሸክላ ላይ በመቃ እየጫኑ የጻፉት ስንት በግ እንደገባ፣ ስንት ገብስ እንደወጣ፣ ለሠራተኛው ስንት የገብስ ጠላ እንደተሰፈረ ነው። ከዚያም በፊት በጉን የሚቆጥሩት በሸክላ ጠጠር ነበር። እማማዎቻችን የወተቱን ዱቤ በከሰል ግድግዳው ላይ እየሰረዙ ሲይዙ ያየን ሰዎች በዚህ አንደነቅም። ዕቁባችንን ያለ ደብተር ለዓመታት በቃሏ የያዘችው እትዬም ብትሆን የጎደላት ጭቃውና መቃው ብቻ ነበር።

የዓለም ጽሕፈት አንድ ዓይነት አይደለም። ቻይናዎች ለየቃሉ ወይም ለየቃሉ ክፍል ምልክት አላቸው፤ ጋዜጣ ለማንበብ በሺህ የሚቆጠር ምልክት ማወቅ ግድ ነው። ዐረብኛ በአብዛኛው ተነባቢውን ብቻ ጽፎ አጫጭሩን አናባቢ አንባቢው እንዲሞላው ይተዋል። ላቲኑ ሁለቱንም ለየብቻ ይጽፋል፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤም ከዚህ ወገን ነው። በክፍላችን ቁቤ አንባቢ የሆኑ፣ ግን የአማርኛ ፊደል የማይለዩ ሁለት እህቶች አሉ። «ያልተማሩ» ሲባሉ ሰምተናል፤ ይህ አነጋገር እንዲቀር እንጠይቃለን። ማንበብ ያውቃሉ፤ የሚቀራቸው ሌላ ገበታ መልመድ ነው።

ስለ ሴቶች ካነሣን አይቀር፣ በቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር፣ ጂያንግዮንግ በሚባል ወረዳ፣ ሴቶች ብቻ የሚጽፉት ፊደል ነበር። ኑሹ ይባላል፤ ትርጉሙም የሴቶች ጽሕፈት ነው። የወንዶቹን ጽሕፈት የሚያስተምራቸው ስላልነበረ እናት ለልጅ፣ አክስት ለእህት ልጅ እያስተላለፉ፣ በመሐላ እህትማማች ከሆኑ ጓደኞቻቸው ጋር ይጻጻፉበት ነበር። ስትዳር ለተለየቻቸው ሙሽራ ናፍቆታቸውን በጨርቅ በተሸፈነ ደብተር ጽፈው ይልኩላታል። ይህን ስናነብ ከኮሚቴው አንዷ አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅናትም።

አሁን ወደ እኛው ፊደል። የመጣው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት ጋር ከሚዛመድ ዘር ነው፤ የሐ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ያየ ምስክር ነው። «ሀ ለ ሐ መ» የሚለው ቅደም ተከተል ራሱ ከዚያ ጥንታዊ ዘመን የወረስነው ነው። በዚያን ጊዜ የሚጻፈው ተነባቢው ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት፦ «በረ» ተብሎ ቢጻፍላችሁ በር ነው? ብር ነው? ወይስ በራ? አንባቢው ከነገሩ አካሄድ መገመት ነበረበት። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአክሱሙ ንጉሥ በኢዛና ዘመን ግን በፊደሉ ላይ የአናባቢ ቅጥያ ሲደረግ እናያለን። ከዚያ ወዲህ ብርና በር ተለያዩ። ለእኛ ለነጋዴዎቹ ትልቅ ነገር ነው!

ብዙ ሰው ፊደል የሚፈራው «ከ200 በላይ ነው፤ ማን ይችለዋል?» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ነገር ግን ገበታውን በዜማ ከመጮህ ይልቅ ቅርጹን ተመልከቱ። «ለ»ን ያዙ። ከወገቧ በስተቀኝ ሰረዝ ስትወጣ «ሉ»፤ ያችው ሰረዝ ወደ እግሯ ስትወርድ «ሊ»፤ ቀኝ እግሯ ሲረዝም «ላ»፤ እግሯ ላይ ቀለበት ስታጠልቅ «ሌ»። አሁን «በ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ከ»ን አምጡና እዩ፤ አለባበሳቸው አንድ ነው። ሳድሷ አመለኛ ናት፣ በየቤቱ መልኳ ይለያያል፤ ሳብዕም ብዙ አትታመንም። እነዚህን ሁለቱን በትዕግሥት መልመድ እንጂ ሌላ መላ የለም። ስለዚህ የምትሸመድዱት 231 ሳይሆን 33 ቤተሰብና ጥቂት የአለባበስ ደንብ ነው። ከ33ቱም ለአማርኛ የተጨመሩት ዘመዶቻቸውን ይመስላሉ፦ ከ«ሰ» «ሸ»፣ ከ«ተ» «ቸ»፣ ከ«ነ» «ኘ»፣ ከ«ደ» «ጀ»። አናታቸው ላይ ሰረዝ ጣል ተደርጎ የተሠሩ ናቸው። ግእዝ የሌለው ድምፅ ሲያጋጥም ሰው ያለውን ፊደል አስተካክሎ ሠራ ማለት ነው፤ ጠባብ ቀሚስ እንደሚሰፋው።

የህንድና የታይላንድ ጽሕፈትም ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አዋሕዶ እንደሚጽፍ ስንረዳ ተገረምን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ለዚህ ዓይነት ጽሕፈት ሁሉ ስም ሲያወጣ የመረጠው «አቡጊዳ» የሚለውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ «አ» ከግእዝ፣ «ቡ» ከካዕብ፣ «ጊ» ከሣልስ፣ «ዳ» ከራብዕ እየተባለ የሚነበበው ነው።

ጉድለትም አለበት፤ አንደብቅም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና አልመጣችም» የሚለውና የልደት በዓሉ «ገና» አጻጻፋቸው አንድ ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ ብትደናቀፍ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ አንብባ ትመለስ።

ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረዋል። ያ ዘመቻ እያደገ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ሲሆን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። የምስክር ወረቀታቸውን እስከ ዛሬ በሣጥን ያስቀመጡ አሉ፤ ፊደሉ ግን ጠፍቶባቸዋል። ማንበቢያ ነገር በቤት ካልነበረ ይጠፋል፤ የጭንቅላት ድክመት አይደለም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ይህን መጽሔት ስትወስዱ ለልጆቻችሁ ብቻ አትስጡት። አንድ ገጽ እናንተ አንብቡ፣ ልጁ ያርማችሁ። ልጅ እናቱን ሲያርም ደስ ይለዋል፤ እኛ ቤት አይተነዋል።

ክፍሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡናው ቀደም ብሎ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ሌላ ወጪ የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ «ማን ምን ቃል ቀድማ መጻፍ ትፈልጋለች?» ብለን ጠይቀን ነበር። አብዛኞቹ የልጆቻቸውን ስም አሉ። ያቺ እህታችን ግን «ዋስ» ብላ ዝም አለች። የ«ወ»ን ራብዕና የ«ሰ»ን ሳድስ አሳየናት፤ አንድ ገጽ ሞላችው።

ባለፈው ወር የማኅበሩ የብድር ቅጽ ሲታደል እሷ ቁጭ ብላ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆየች፤ ሌሎቻችን ፈርመን ጨርሰናል። ከዚያ ቀና ብላ «ይህ ‹በአንድነትና በነጠላ› የሚለው ምን ማለት ነው?» አለች። ተያየን። ቅጹን ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ ከሌላ ቅጽ ገልብጠነው ኖሯል እንጂ ትርጉሙን አንዳችንም አናውቅም። ስንጠይቅ፣ አበዳሪው ሙሉውን ዕዳ ከተበዳሪዎቹ ከማናቸውም አንዷ ላይ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው ተባልን። ቅጹን ሰብስበናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃል በቃል እናነበዋለንና መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።