ፊላ ውስጥ ያለችው ወፍ



በሚያዝያ ወር እናቶቻችንን ይዘን ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሀንትሊ ሜዶውስ ረግረግ ሄደን ነበር። መጀመሪያ ያየነው ወንዱን ወፍ ነው፤ መላ አካሉ ጥቁር፣ ትከሻው ደማቅ ቀይ። ፊላ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። ሁላችንም ፎቶ አነሳነው። ሴቷን ግን ድንቢጥ መስላን አለፍናት።

«ቆዩ እስቲ፣ በአፏ ሣር ይዛለች» ያሉን አንዲት እናታችን ናቸው። ጎጆውን ከፊላው ጋር እያጠላለፈች የምትሠራው፣ ዕንቁላሉንም 12 ቀን ያህል የምትታቀፈው እሷ ብቻ ናት። ቡናማ ዝንጉርጉርነቷ ከጠላት ይሸሽጋታል። እኚህ እናት የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ ከቤት አይወጡም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን እሳቸው ሲመሩን ዋሉ።

የዚህች ወፍ ዘመድ የሆነችው ደረተ ቢጫ የሜዳ ወፍ ደግሞ ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ትሠራለች። ሣሩ ያለጊዜው ሲታጨድ ጫጩቶቿ ያልቃሉ። በ2019 የወጣ ጥናት እንደገለጸው፣ ከ1970 ወዲህ የሰሜን አሜሪካ የሣር ምድር ወፎች ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል።

ድምፅዋን ሳታሰማ የምትሠራን ካላየናት፣ ስትጠፋም አናውቅም። ስለዚህ መኪና ያላችሁ በወር አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ይዛችሁልን ኑ። ሰፊ የሣር መሬት ያላችሁም ጫጩቶቹ እስኪበርሩ ማጨዱን አቆዩልን።