የደከመ ልብ ጓዳውን እንዴት እንደሚያጸዳ

«የልብ ድካም» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ልብ ሥራውን ጨርሶ ያቆመ ይመስለዋልና። የልብ ድካም ማለት ግን ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው ነው።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚገኘው ኤ.ቲ.ፒ. ከተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በልብ ጓዳ የሚቀመጠው ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ የሚበቃ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል ብንል ማጋነን አይሆንም። ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው ቅሪት ይበዛል፤ ይህንንም ኤ.ኤም.ፒ.ኬ. የተባለው ኤንዛይም ወዲያው ያውቀዋል። እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ የምታውቁትን ጠንቃቃ ሒሳብ ሹም ይመስላል፤ ካዝናው ሲጎድል ቀድሞ ያያል፣ ወጪ ያግዳል፣ ገቢም ይፈልጋል።

ከሚፈልግባቸው መንገዶች አንዱ አውቶፋጂ ነው። ትርጓሜው በግሪክኛ «ራስን መብላት» ነው፤ ስሙን በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡለት የቤልጅጉ ሊቅ ክርስቲያን ደ ዱቭ ሲሆኑ፣ አሠራሩን የገለጡት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ጽዳት ነው። ሕዋሱ ያረጀውን ዕቃ በስስ ሽፋን ጠቅልሎ ላይሶሶም ወደሚባለው ማፍረሻ ይልካል፤ ከፍርስራሹም ጉልበትና አዲስ መሥሪያ ያገኛል። በተለይ የጉልበት ማመንጫዎቹ ሚቶኮንድሪያዎች ተበላሽተው ካልተወገዱ የራሱን የሕዋሱን አካል ይመርዛሉ። ኤ.ኤም.ፒ.ኬ. ይህን ጽዳት በሁለት ወገን ያስጀምራል፦ ዩ.ኤል.ኬ.1 የተባለውን ጀማሪ ኤንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ጽዳቱን የሚከለክለውን ኤም.ቶር ደግሞ ይገታል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ለጽዳቱ የሚያስፈልገው ዘር ከልባቸው የተወገደ አይጦች ልባቸው ሰፍቶ መድከሙን አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን አወሳሰበው። ወደ ልብ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ በኤ.ኤም.ፒ.ኬ. የተነሣው ጽዳት ጠቀመ፤ ደሙ ሲመለስ ግን በሌላ መንገድ፣ በቤክሊን 1 በኩል፣ የቀጠለው ከመጠን አልፎ ጎዳ። እኔን እጅግ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ያው ሥራ በአንዱ ሰዓት አዳኝ፣ በሌላው ሰዓት አጥፊ ሆነ።

«ረኀብ አውቶፋጂን ካነሣ ጾም መድኃኒት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። የመንፈሱ ጕዳይ ሌላ ነው፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ለሕክምና ብሎ ምግብ ወይም መድኃኒት ከመተው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ኤ.ኤም.ፒ.ኬ.ን እንደሚያነቃ ታውቋል፤ በእንስሳት ልብ ላይም ጥቅም ታይቶበታል። ስኳር የሌለበትን የልብ ሕመምተኛ ለማከም ግን ገና አልተፈቀደም።